ምላሴ አራስ አይደለም

እህቴ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ያልመጣ ጠያቂ የለም። ይመጣል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ገንፎውን ከዳር እየቆረሰ መሀል ካለው ቅቤ ይጠቅሳል፤ እጁን ይታጠባል፤ ከዚያ ልጁን ገልጦ ያይና እናቲቱ ላይ ፍርድ ይሰጣል። ማርያም የማረቻትን እሱ አይምራትም። እህቴ ጨዋ ናት፤ ዝም ትላለች። እኔ ግን ታላቋ ነኝ፤ ደግሞም ምላሴ አራስ አይደለም።

መጀመሪያ አንዲት የሰፈር እኩያችን መጣች። እህቴ ስታጠባ ጠብ ያለውን ወተት አየችና «ውይ፣ ይሄማ ውሃ ነው!» አለች።

«አዎ፣ ከመቶው 87 እጁ ውሃ ነው» አልኳት። «አንቺም ከግማሽ በላይሽ ውሃ ነው። ግን ማንም ጀሪካን ይዞ አልመጣብሽም።»

«እኔ እኮ ቀጠነ ለማለት ነው…»

«ቡና ነው አቦሉ ወፍሮ በረካው የሚቀጥነው። ጡት ግልባጩ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ቀጠን ይላል፤ ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ ቅባቱ ይጨምራል። አንቺ ያየሽው አቦሉን ነው። ልጁ በረካውን እስኪጠጣ ቁጭ በይ፤ ሰው ቤት ስትሄጂ መቼም በረካ ሳትጠጪ አትነሽም።»

ቀጥሎ ባለቅቤዋ እትዬ ገቡ። ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። ለገንፎው መስሎኝ ተቀበልኳቸው፤ ለካ ለልጁ ነው። «ጉሮሮው ይለሰልስ» አሉ። «እትዬ፣ ምን ሊዘፍንበት ነው?» ብዬ ቅቤውን ወደ ጓዳ አሳለፍኩት። አልተቀየሙም፤ ይልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዋናውን ክስ አወጡ። «እንገሩን ደፋችሁት አይደል?»

«አልደፋንም። ሁሉንም ጠባው።»

«ቢጫውን?! ሆድ ይቆርጣል እኮ!»

«እትዬ፣ ላምዎ ስትወልድ እንገሯን አፍልተው ለልጅ ልጆችዎ ያበላሉ። እንዲያውም አንዱ ሳይደርሰው ቢቀር ያኮርፋል። የእህቴ ሲሆን ይደፋል? ጥፋቷ ቀንድ አለማብቀሏ ነው?»

ይኼን ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ ሰው ይሰማል፤ ስለዚህ ጨመርኩ። እንገሩ ጥቂት ነው፤ የልጁም ሆድ ትንሽ ነው። ነገር ግን በፀረ እንግዳ አካላት የተሞላ ነው፤ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ልጁ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ፤ ዓይነቱ ከ200 ይበልጣል። ለማን ነው? አንጀቱ ውስጥ ላሉት ደጋግ ባክቴሪያዎች ነው። «አዩ እትዬ? እህቴ ልጁን ብቻ ሳይሆን የልጁን እንግዶችም ታበላለች። እነዚያ ግን በልተው አያሙም።»

ሦስተኛዋ ከውጭ አገር የመጣች የአክስታችን ልጅ ናት። ስልኳን አውጥታ የራሷን ልጅ የሦስት ወር ፎቶ አሳየችን። ጉንጩ ከፎቶው ይወጣል። «የኔ በጡጦ ነው ያደገው። ያንቺ አልቀጠነም እንዴ?»

«ያሳድግልሽ። ግን ምን አስቸኮለው? ልታርሺበት ነው?»

የጡጦው ወተት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከላም ወተት ነው፤ የላም ወተት ፕሮቲን ደግሞ ከእናት ጡት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ጥጃ በተወለደበት ቀን ቆሞ መሄድ አለበት፤ የሰው ልጅ ለመቀመጥ እንኳ ግማሽ ዓመት ይፈጃል። በአምስት የአውሮፓ አገሮች ሕፃናትን በዕጣ ከፍለው ለገሚሶቹ ፕሮቲኑ የበዛ፣ ለገሚሶቹ ያነሰ የቆርቆሮ ወተት ሰጧቸው፤ ፕሮቲን የበዛላቸው በስድስት ዓመታቸው የበለጠ ወፍረው ተገኙ። (ወተት እምቢ ያላትን ወይም ሕመም የከለከላትን እናት በዚህ ተረብ የሚነካ ካለ ግን ከኔ ጋር ነው ጠቡ። እሷ ላይ ምላስ የለኝም።)

ከሁሉ የሚያናድደኝ የሰንጠረዡ ነገር ነው። ጤና ጣቢያ የልጅ ክብደት የሚመዘገብበትን ካርድ ታውቁታላችሁ። ዓለም ለዓመታት የተጠቀመበት መለኪያ በ1977 የወጣ የአሜሪካ ሰንጠረዥ ነበር፤ (ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ ሰንጠረዡም የነሱ ነው) ጨቅላዎቹ የተለኩት ኦሃዮ ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹም የጡጦ ልጆች ናቸው። የጡት ልጅ ደግሞ ከሦስተኛው ወር ገደማ በኋላ አካሄዱ ረጋ ይላል። ስለዚህ ጤነኛው ልጅ ከመስመር ወረደ ተብሎ እናቱ «ጨምሪለት» ትባል ነበር። በ2006 ነው የዓለም ጤና ድርጅት ብራዚል፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ውስጥ ጡት እየጠቡ ካደጉ ልጆች አዲስ መለኪያ ያወጣው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር፤ የጡት ልጅ በጡጦ ልጅ ቁና ተሰፍሮ ጎደለ ሲባል!

የአክስታችን ልጅ ስልኳን ከተተች። አራተኛው ጠያቂ ጋሼ ግን የራሳቸውን አወጡ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስልካቸው ዩኒቨርሲቲያቸው ነው። «ጡት ዘረ መል ይቀይራል! አሁን አነበብኩት። በርቺ አጥቢው፤ አፍንጫው ገና ሊስተካከል ይችላል።»

አፍንጫው የአባቱ ነው። አባትየው እዚያው ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ድጓ ያውቃሉ» አልኳቸው። «ፊደሉ ቢለወጥ ቃሉ ይበላሻል። ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት ግን፣ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ርክርኩ፣ ዜማውን ይጥለዋል፣ ያነሳዋል። ዘረ መልም እንደዚያው ነው። ፊደሉን ከአባትና ከእናቱ ወስዷል፤ አፍንጫው አልቋል። ምግብ የሚነካው ቢኖር ምልክቱን ነው።»

ጋሼ ምሳሌው ስለጣማቸው ዝም አሉ። ንብን ጨመርኩላቸው። ንግሥቲቱና ሠራተኛዋ ከአንድ ዓይነት እንቁላል ይወጣሉ፤ የሚለያቸው ምግብ ነው። በፈረንጅ 2008 አውስትራሊያ ውስጥ ምልክቱን የሚያስቀምጠውን ዘረ መል በእጮች ውስጥ ቢያዳክሙት፣ ብዙዎቹ ንግሥት ሆኑ። (የኛ ሰው ደግሞ እንቁላል የምትጥለዋን «አውራ» ብሎ ወንድ አድርጓት ኖሯል። ይኼንን የሰጣት ምግብ አይደለም፤ ምላስ ነው።)

«ስለዚህ ጠብቶ ይነግሣል!»

«ንብ ቢሆን። ይኼ ግን የቤት ኪራይ የሚጠብቀው ልጅ ነው።»

በሰው ላይ የታየው ልከኛ ነው። ሆላንድ ውስጥ የ17 ወር ልጆችን ደም መርምረው፣ ረዘም ላለ ጊዜ የጠቡት ሌፕቲን በሚሠራው ዘረ መል ላይ ያነሰ ምልክት እንዳላቸው አገኙ። ሌፕቲን «ሰውነቱ ስንቅ አለው፣ ይበቃል» ብሎ ለአንጎል የሚያመለክት ሆርሞን ነው። አንዳንድ ጠያቂ ቢኖረው ገንፎው ይተርፍ ነበር። ግን አብሮ መገኘት ምክንያት መሆን አይደለም፤ ረጅም ጊዜ የምታጠባ እናት በሌላም ነገር ትለይ ይሆናል። ቤላሩስ ውስጥ በ31 ሆስፒታሎች 17,046 እናቶችን ከነልጆቻቸው ያሳተፈው ጥናት ለዚህ ነው የሚከበረው፤ ማጥባትን የማበረታታቱ ሥራ ለየትኞቹ ሆስፒታሎች እንደሚደርስ ዕጣ ተጣለ። የአንጀት ኢንፌክሽንና የቆዳ ችፌ ቀነሰ፤ በስድስት ዓመት ተኩል የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ከፍ አለ፤ ውፍረት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ጋሼ «ከእናቱ ጡት የጠባው ነው» እያሉ አመልን ሁሉ በወተት ሲያሳብቡ የኖሩበትን ሐሳብ ዝቅ አደረጉ። እኔም ጣት ማር አስነክረው እያጠቡ «የጡት ልጅ» ያደርጉ የነበሩትን የጥንት ሰዎች አስታወስኳቸው። ዝምድናው እውነት ነበር፤ ዘረ መሉ ግን አልሰማም።

በመጨረሻ የእህቴ መሥሪያ ቤት ሰው መጣ፤ የሰው ኃይል ነው። «ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም እንዳትሰጪው» ብሎ መከረ። ምክሩ ትክክል ነው። ቀጥሎ «ፈቃድሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለ።

«አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል» አልኩት። «የአንተ ምክር 180 ነው። ቀሪውን 90 ቀን ማን ያጥባው? አንተ?»

አቀረቀረ። ፈረንጅ 2016 ባለው ዓመት በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አገራችን ውስጥ ከስድስት ወር በታች ካሉት ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 58ቱ ነበሩ። ሌሎቹን እናቶች ሰነፍ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህንን ሒሳብ ያስተካክል። እሱ ግን ሒሳቡን ትቶ ገንፎውን አስተካከለ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን እህቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ባለቅቤዋ እትዬ ሊወጡ ሲሉ ጎንበስ አሉና «ለመሆኑ ሌሊት ስንት ጊዜ ይጠባል?» አሏት።

«ጋሼ ዛሬ ገንፎ ያስጨመሩትን ያህል» አለች፤ ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ እያዞረች።