ጉዳዩ፦ ለውድቅ ደብዳቤዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ለካናዳ የኢሚግሬሽን፣ የስደተኞችና የዜግነት መሥሪያ ቤት
ኦታዋ

ክቡር መሥሪያ ቤት ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለምስጋና ነው። ሌላው አገር ሰውን በዘመድና በትውውቅ ያስገባል እየተባለ ሲታማ፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1967 ባለሙያን በነጥብ መመዘን ጀመረች። ከጃንዋሪ 2015 ወዲህ ደግሞ ሚዛኑ «ኤክስፕረስ ኢንትሪ» ተብሎ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ሰው ሁሉ ከ1,200 ይታረማል። ኮምፒውተሩ ዘመድ የለውም። ችግር የሚመጣው ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ከሰው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ነው።

አመልካቹን ለምሳሌ ያህል የ33 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ እናድርገው። አዲስ አበባ ተምሯል፤ መንገድም ድልድይም ሠርቷል። የእንግሊዝኛ ፈተናውን አይኤልትስ ተፈትኗል፤ ዲግሪውን ቶሮንቶ ላለ ገምጋሚ ድርጅት አስልኮ ከካናዳው ጋር እኩል መሆኑን አስመስክሯል፤ ከፌዴራል ፖሊስ የአሻራ ማስረጃ አውጥቷል፤ መቋቋሚያ ገንዘቡን በባንክ ደብዳቤ አሳይቷል። ግብዣው ሲመጣለት በተሰጠው 60 ቀን ውስጥ ሁሉንም አሟልቶ ላከ፤ በኤፕሪል 2024 በወጣው ታሪፍ መሠረትም 1,525 የካናዳ ዶላር ከፈለ። ከወራት በኋላ አንድ ኦፊሰር «አልረካሁም» ሲል ጻፈለት። ከከፈለው 575ቱ የመኖሪያ መብት ክፍያ ነውና፣ መብቱም ስላልተሰጠ ይመለስለታል። 950ው አይመለስም፤ እሱ ኦፊሰሩ ላለመርካት ያወጣው ወጪ ነው።

ኦፊሰሩን ምን አላረካውም? ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚመጣው ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። የእኛ አገር የሰው ሀብት ክፍሎች ይህን ደብዳቤ የሚጽፉበት ቅርጽ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ይመስላል፦ ግማሽ ገጽ፣ ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ ከዚያ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ የሥራ ግብር መከፈሉ፣ በመጨረሻም ክብ ማኅተም። ሰውየው በመደቡ ላይ ምን ሲሠራ እንደኖረ ግን አንድ ቃል የለበትም። የእርስዎ ኦፊሰር በበኩሉ ለማኅተም ደንታ የለውም። እሱ የሚፈልገው የሥራውን ዝርዝርና የሳምንቱን ሰዓት ነው፤ ቢያንስ ያልተቋረጠ አንድ ዓመት፣ በድምሩ 1,560 ሰዓት። መሐንዲሱ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ «ሰዓቱንም ጻፉልኝ» ሲል፣ ኃላፊዋ «እኛ ጋ ቅጹ ይኸው ነው» ትለዋለች። ውቅያኖስ የለያቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሰውን በቅጽ ለማሸነፍ እንዲህ መስማማታቸው ሊደነቅ ይገባል።

ብልጡ አመልካች ታዲያ ሌላ መላ ይመታል። የካናዳ የሙያ መዝገብ ሲቪል መሐንዲስን በቁጥር 21300 አስፍሮ ሥራውን ዘርዝሮታል። ደንቡም አመልካቹ ከዋና ዋናዎቹ ተግባራት ብዙዎቹን መሥራቱን እንዲያሳይ ይጠይቃል። እንግዲያው ዝርዝሩን ቃል በቃል ገልብጦ አለቃውን ያስፈርማል። ይሄኔ ኦፊሰሩ ይጠረጥራል፤ ከመዝገብ የተገለበጠ ደብዳቤ እምነት እንደሚያሳጣ የፌዴራል ፍርድ ቤቱም በተለያዩ ጉዳዮች ተቀብሎታል። ቢያጥር ጎደለ፣ ቢሞላ ተጠረጠረ። የሚያረካው ደብዳቤ ከመዝገቡ ጋር ልክ የሚገጥም፣ ግን መዝገቡን በዓይኑ አይቶ በማያውቅ አለቃ የተጻፈ መሆን አለበት።

ሕጉ ደግሞ እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለው። ፍርድ ቤቱ በ2006 በሰጠው በሰፊው በሚጠቀስ ውሳኔ መሠረት፣ ስጋቱ በቀጥታ ከሕጉ መስፈርት የሚመነጭ ከሆነ ኦፊሰሩ አመልካቹን የመጠየቅ ግዴታ የለበትም። የማስረጃው እውነተኛነት ካጠራጠረው ግን ጽፎ መጠየቅና መልስ መስማት አለበት። ማስረጃው የጎደለው ሰው ድንገት ይባረራል፤ የተጠረጠረው ቀድሞ ይጻፍለታል። በካናዳ ሕግ ከጎደለው ይልቅ የተጠረጠረው ይከበራል ማለት ነው።

ክብሩ ግን አደጋ አለው። ደብዳቤው «ከመስከረም 2008 ጀምሮ» ቢልና አስተርጓሚው ዘመኑን ሳይቀይር ቢያልፈው፣ በ1992 እንደ ፈረንጆቹ የተወለደው መሐንዲሳችን በ16 ዓመቱ ድልድይ ሲነድፍ ይገኛል። እንዲህ ያለው ስህተት «ሐሰተኛ መግለጫ» ከተባለ ለ5 ዓመት ካናዳን ያሳግዳል። እገዳው እስከ ኖቬምበር 2014 ድረስ 2 ዓመት ብቻ ነበር። «ፎርሙን የሞላልኝ ደላላው ነው» ማለትም አያድንም፤ የወኪል ስህተት የአመልካቹ ስህተት ነው። ከኖቬምበር 2021 ወዲህ የአማካሪዎችን ፈቃድ የሚቆጣጠር ኮሌጅ ካናዳ ውስጥ አለ፤ ስሙ መዝገቡ ላይ ያለውንና የሌለውን ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። አዲስ አበባ ላይ «ካናዳ ፕሮሰስ እናደርጋለን» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፈው ሁሉ ግን እዚያ መዝገብ ላይ እንዲፈለግ የሚወድ አይመስልም።

አሁን ውድቅ የተደረገው ሰው ምን ያድርግ ወደሚለው እንምጣ። የእርስዎ ቸርነት የሚታየው እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን?» ነው። የውድቅ ደብዳቤው አንቀጽ እንጂ ምክንያት አይበዛበትም፤ የኦፊሰሩ እውነተኛ ሐሳብ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ነው። ያንን ለማየት በመረጃ ማግኛ ሕጉ 5 ዶላር ይከፈላል፤ ጠያቂው ግን ካናዳ ውስጥ ያለ ሰው ወይም ዜጋ መሆን አለበት፤ እንግዲህ ኤድመንተን ያለች አክስት የምትፈለገው ለዚህ ነው። ከ2022 ወዲህ ውጭ ያለውም የራሱን መረጃ በሌላ ሕግ በኩል በነጻ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል። ዋጋው እንግዲህ ይህን ይመስላል፦ እምቢታው 950፣ የእምቢታው ምክንያት 5።

ለመረጃው መልስ በሕግ የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ ጉዳዩ ካናዳ ውስጥ የተነሣ ከሆነ 15 ቀን፣ ውጭ የተነሣ ከሆነ 60 ቀን። በሌላ አነጋገር ካናዳ ያለው አመልካች ምን ብሎ እንደሚከስ ከማወቁ በፊት የመክሰሻው ቀን ያልፍበታል። ነገሩን የሚያውቁ ጠበቆች ስለዚህ መጀመሪያ ይከሳሉ። 50 ዶላር ከፍለው ፋይል ሲከፍቱ፣ የውሳኔው ምክንያት ካልደረሳቸው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ራሱ ከእርስዎ ይጠይቅላቸዋል። ምክንያትን ለማወቅ መክሰስ፣ ለመክሰስም ምክንያትን ማወቅ፤ መሐንዲሱ እንዲህ ያለ አደባባይ ቢነድፍ ኖሮ ከሥራ ይባረር ነበር።

ይግባኝስ? የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ አለ፤ ለሙያተኛ ግን አይደለም። ባሏን ስፖንሰር አድርጋ የተከለከለች ዜጋ እዚያ ትሰማለች። መሐንዲሱ ለፌዴራል ፍርድ ቤት መጀመሪያ የመሰማት ፈቃድ ይለምናል። ፈቃዱ ከተነፈገ በዚያው አበቃ፤ በዚያ ላይ ይግባኝ የለም። ከተሰጠው ዳኛው የሚጠይቀው «መሐንዲሱ ይገባዋል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ውሳኔው ምክንያታዊ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ይህ መለኪያ የጸናው በዲሴምበር 2019 በቫቪሎቭ ጉዳይ ነው፤ ሰውየው ቶሮንቶ ውስጥ በሐሰት ስም ይኖሩ ከነበሩ ሩሲያውያን ሰላዮች የተወለደ፣ ዜግነቱን ተነጥቆ በክርክር ያስመለሰ ነው። የድልድይ መሐንዲስ ዕጣ በሰላይ ልጅ መዝገብ መለካቱን አገር ቤት ላሉ ዘመዶች ማስረዳት ቀላል አይደለም። መሐንዲሱ ቢረታስ? ፍርድ ቤቱ የመኖሪያ መብቱን አይሰጥም። ፋይሉ ወደ እርስዎ ይመለሳል፤ ሌላ ኦፊሰር ያየዋል፤ እሱም ላይረካ ይችላል።

ሌላው መንገድ «እንደገና ይታይልኝ» ብሎ በድረ ገጽዎ ቅጽ መጻፍ ነው። ክፍያ የለውም። እርስዎ የማየት ግዴታ የለብዎትም፤ የፍርድ ቤቱም ቀን እየተጠበቀ አይቆምም። አመልካቹ የላከው ወረቀት ሳይታይ የታለፈ ከሆነ ይጠቅማል። የረሳውን አሁን ጨምሮ ለመላክ ግን ብዙም አያዋጣም።

ስለዚህ አብዛኛው ሰው በአዲስ ያመለክታል፤ የጎደለው አንድ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ በእርግጥም አጭሩ መንገድ ይህ ነው። እድሜ ግን አይጠብቅም። ያላገባ ሰው በ33 ዓመቱ ለእድሜው 88 ነጥብ ነበረው፤ በ34 ወደ 83፣ በ35 ወደ 77 ይወርዳል፤ 45 ሲሞላ ዜሮ ነው። አይኤልትሱ 2 ዓመት ሲሞላው እንግሊዝኛው ከአፉ ላይ ተነጥቆ እንደገና ይፈተናል። አንድ ክፍለ ሀገር «ይህን ሰው እፈልገዋለሁ» ካለ 600 ነጥብ በአንድ ቀን ይጨመርለታል፤ በዚያ ላይ ተስፋ የሚያደርግ ብዙ ነው። ካናዳ ውስጥ እየሠራ የነበረው ደግሞ በቅድሚያ የሥራ ፈቃዱን ቀን ይመልከት፤ ካለፈበት ሕጋዊነቱን ለማስመለስ ያለው 90 ቀን ብቻ ነው።

እርስዎ ግን ከሁሉም የተሻለውን ምክር በተግባር ሰጥተዋል። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 በተደረገው አጠቃላይ የግብዣ ዙር የመጨረሻው ተጋባዥ ነጥብ 534 ነበር። በማግስቱ ፈረንሳይኛ ለሚችሉ በተደረገው ዙር 336። በአንድ ሌሊት ወደ 200 ነጥብ! መሐንዲሱ ስምንት ዓመት ድልድይ ላይ ከሚደክም አሊያንስ ተመዝግቦ የፈረንሳይኛ ግሥ ሲያረባ ቢያመሽ ይሻለው ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ያለመርካት መብትዎ ተከብሮ፣ ኦፊሰሩ ያላረካውን ነገር በውድቅ ደብዳቤው ላይ በሁለት መስመር ቢጽፍ አክስትም ጠበቃም ባልተፈለጉ ነበር። ይህ እስኪሆን ድረስ ምስጋናችን አይቋረጥም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ ኦታዋ፤ 50 ዶላሩ ተያይዟል።
ለአክስት፣ ኤድመንተን፤ 5 ዶላሩን ለጊዜው እንድትከፍል።
ለቀድሞው መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል፣ አዲስ አበባ፤ የሥራ ዝርዝሩና የሳምንቱ ሰዓት ተጨምሮበት፣ ዘመኑም በፈረንጆቹ ሆኖ ደብዳቤው እንደገና እንዲጻፍ፤ ማኅተሙ እንደ ወትሮው ይሁን።