ወርቅ ፍለጋ በሚኒባስ

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ዘፈን ዝም ብሎ አይሰማም፤ ይመረመራል። አይፈረድብንም። የቅኔ ቤቱ ዋሸራ እዚሁ ቋሪት ነው። ዘፋኞቹም አስለምደውናል፤ በንጉሡም በደርግም ጊዜ ግጥም ሳንሱር ሳያየው ስለማይወጣ፣ የልብ ነገር፣ ወርቁ፣ በፍቅር ሰም ተጠቅልሎ ይወጣ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ጃ ያስተሰርያል» ሲወጣማ አገሩ ሁሉ ተርጓሚ ሆነ። ያኔ እንኳ ሰሙ ስስ ስለነበር ብዙም አላደከመ።

ዛሬ ግን ሰሙም ወርቁም የለም፤ ተርጓሚው ብቻ ቀርቷል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ አዲስ ነጠላ ዜማ ከፍቷል። ዘፋኙ እመጣለሁ ብላ ስለቀረች ልጅ ያለቅሳል። ጋቢ የደረቡ አዛውንት አጠገባቸው ወዳለው ተማሪ ዞር ይላሉ፦

«ልጄ፣ ሴት መሰለችህ?»

«ታዲያ ምንድን ናት አባባ?»

«ማዳበሪያ ናታ! እመጣለሁ ብላ የቀረች ሌላ ማን አለች?»

ከኋላ ያለው ነጋዴ ዶላር ናት ይላል። ረዳቱ ናፍጣ ናት ባይ ነው። ሾፌሩ ኬላ ሲደርስ ድምፁን ቀነስ ሲያደርገው ሦስቱም ተያዩ፤ ማስረጃው ተሟላ።

ቅኔ ቤት ቢሆን እርማት አለ። ተማሪው ቆጥሮ የመጣውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ምስጢር ከጎደላት ትመለሳለች። ሚኒባስ ውስጥ የሚመልስ የለም። ከወገብና ከዳሌ ያልወጣ ግጥም ሳይቀር ምስጢር አያጣም፦ «እንዳይነቃበት ብሎ እኮ ነው!»

እኚሁ አባት እሑድ ቡሬ ሰርግ ተጠርተዋል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ዲጄው የመለያየት ዘፈን ለቀቀ። በቃ ተለያየን የሚል፣ ሰምም ወርቅም የማያሻው፣ ቃል በቃል የሆነ ዘፈን። ሚዜው ያጨበጭባል፣ የሙሽራዋ እናት እልል ይላሉ፣ አባባም ጋቢያቸውን አጣፍተው እስክስታውን ያስነኩታል። ግጥሙን ሰምተውት እንደሆነ ቢጠየቁ፣ «ተወው ልጄ፣ ምቱ ነው ዋናው!»

ዘፋኞቹ ግን ነቅተዋል። «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ሲባሉ ፈገግ ብለው «ለአድማጭ ትቼዋለሁ» ይላሉ። እንዲያ ከሆነ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ የባለሙያ ስም ሲዘረዘር ለአባባም አንድ መስመር ይተውላቸው። ከዩቲዩቡ ገንዘብም ድርሻቸው ይላክላቸው፤ ማዳበሪያ ይገዙበታል። ከመጣች።