«ይስማማሉ»

ዓሣ ሻጩ የሚያውቃት መልስ አንዲት ናት። ኤንጅልፊሽ ከኒዮን ቴትራ ጋር? «ይስማማሉ።» ታይገር ባርብ ከጋፒ? «ችግር የለም፣ ይስማማሉ።» ጎልድፊሽ ተክል ካለበት አኳሪየም ጋርስ? ቀና ሳይል «በጣም እንጂ!» ይለኛል። ጎልድፊሽ ከተክል ጋር የሚስማማው ፍየል ከጎመን ጋር እንደሚስማማው ነው።

ኤንጅልፊሽ ሳንቲም አክሎ ሲሸጥ እውነትም ጨዋ ነው። ካደገ በኋላ ግን ኒዮን ለአፉ ልክ ይሆናል። ሁለቱም የአማዞን ልጆች ናቸውና ይተዋወቃሉ፤ ትውውቃቸው የበዪና የተበዪ ነው እንጂ። ታይገር ባርብ ደግሞ፣ በተለይ ሁለት ሦስት ብቻ ሆኖ ከተገዛ፣ ሥራ ፈትቶ የጋፒን ጭራ ሲዘነጥል ይውላል።

ቤት የሚመጣ ዘመድ ግን ስለ መስማማት ግድ የለውም። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መስታወቱ ላይ ተደፍቶ «ይበላል?» ይላል። አራት ሴንቲ ሜትር የማይሞላውን ኒዮን እያየ! ወሩ ሁዳዴ ከሆነማ ጉድ ፈላ። አንዷ አክስቴ «ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል» ትላለች፣ ሌላዋ «ማን ፈቀደልሽ?» ትላለች፣ አጎቴ ንስሐ አባቱ ዘንድ ይደውላል፣ አባ ስልክ አያነሱም፣ ክርክሩ ወደ ወተትና እንቁላል ይሻገራል፣ ከዚያ የዱሮ ሰው እንዴት ይጾም እንደነበረ ይወሳል፣ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል። ኒዮኖቹ ይህ ሁሉ ሲሆን ተክሉ ሥር ተሰብስበው ይሰማሉ። እኔ የገዛኋቸው ላያቸው ነበር።

ወደ ሻጩ ልመለስ። ያቺን ጠቆር ያለች ጣት የምታህል ፕሌኮ አንሥቶ «ይቺ ቆሻሻ ትበላለች፣ ገንዳውን ታጸዳልሃለች» ሲለኝ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። የዓሣ ኩስ በልቶ ገንዳ የሚያጸዳ ዓሣ የለም! ፕሌኮ ራሷ የኩስ ፋብሪካ ናት። አድጋ ከ30 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች፤ 60 ሊትር ውስጥ መዞሪያ እንኳ አታገኝም። እያወቀ ይሸጣታል። ቀስ እያለች ስትሞት ገዢው ተመልሶ ሲመጣ «ውሃህ ነው» ይለዋል፤ ከዚያም ሌላ ይሸጥለታል። ይህ ንግድ ሳይሆን ነውር ነው።

ደግሞ ልጁ ክፉ አይደለም። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ አየር እንዲያገኙለት ከየገንዳው ውሃ በጣሳ እየቀዳ ከከፍታ መልሶ ሲያንቆረቁር አገኘሁት። ሸሚዙ እስከ ክንዱ ርሷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ውሃዋም የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው፤ ልፋቱ ከንቱ አልነበረም።

መስማማት ከተባለ ደግሞ ጣናን እዩት። ከታይገር ባርብ ቤተሰብ የሆኑ 15 ያህል ትልልቅ የባርብ ዝርያዎች አሉበት፤ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ብቻ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የሚሸሽ መሸሺያ አለው።

ተክል ላለበት ትንሽ ገንዳ ስድስት ሰባት ኒዮን፣ ከሥር አሸዋ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቂት ኮሪዶራስ ይበቃሉ። ወደ ሱቁ ጎራ ካላችሁ ግን ፕሌኮዋ ስንት እንደምታድግ እባካችሁ ጠይቁልኝ። እኔ ስጠይቀው ስልክ ይደወልለታል።