ለሃርድ ዲስክህ ስም ስታወጣ

እኛ ድሬዎች «አንቱ» ማለት ስለማይሆንልን፣ አንተ እያልኩ ስመክርህ እንዳትቀየም። ጉዳዩ ከባድ ነው አቦ! ሊኑክስ በጫንክበት ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ሃርድ ዲስክ ሰክተህ፣ ሁሉንም ኢንክሪፕት አድርገህ በይለፍ ቃል ቆልፈህ ከሆነ፣ ስም ሳታወጣላቸው እንዳታድር።

«ኮምፒውተሩ ራሱ አውጥቶላቸው የለም እንዴ? ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ ይላቸዋል» ትለኝ ይሆናል። እሱማ ስም አይደለም፣ ተራ ነው። ሊኑክስ ተራ አስከባሪ ነው፤ ሲነሣ ቀድሞ ያየውን «ኤ» ይለዋል፣ ቀጥሎ ያየውን «ቢ»። ነገ ሁለተኛው ቀድሞ ከነቃ «ኤ» እሱ ነው። ዕቃህን ሦስተኛው ባጃጅ ላይ ጭነህ ሻይ ልትጠጣ ብትገባ፣ ስትመለስ ሦስተኛው ላይ የማን ዕቃ እንደሚጠብቅህ አንተው ገምት።

በእኔ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ውሻውን ሳይቀር ጥላ ባስያዘበት ሰዓት፣ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ጻፍኩ፤ አይሆንም አለ። የእናቴን ስም በትልቅ ፊደል ሞከርኩ፣ በትንሽ ሞከርኩ፣ የተወለድኩበትን ዓመት ጨመርኩበት። ሲመሽ «በቃ፣ መርሳት ጀመርኩ» ብዬ አዝኜ ተቀመጥኩ። ለካ ኤስዲቢና ኤስዲሲ ተራ ተለዋውጠው፣ የአንዱን ቁልፍ በሌላው በር ላይ ሳዞር ነው የዋልኩት! ያን ቀን በእልህ ዲስኩን እንደ አዲስ ላመስጥር ብዬ ቢሆንማ፣ ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ? የስ ብለህ በትልልቅ ፊደል ጻፍ» ይለኝ ነበር። እኔም የቤተሰቡን ፎቶ በሙሉ በትልልቅ ፊደል እሸኘው ነበር።

መፍትሔው ይኸውልህ፦ እያንዳንዱ የተመሰጠረ ዲስክ ዩዩአይዲ የሚባል የራሱ መለያ አለው፤ 32 ፊደልና አኃዝ ነው። የ12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥርህ እንኳ በቃልህ ስለማይያዝ፣ ይህን ለመሸምደድ አትድከም፤ ገልብጠው። «ክሪፕትታብ» የሚባለው ፋይል ላይ መጀመሪያ የመረጥከውን ስም፣ አጠገቡ ይህን መለያ ጻፍ። ከዚያ ወዲያ ዲስኩን የትም ብትሰካው፣ ሲከፈት ያንኑ ስሙን ይዞ ነው የሚወጣው።

ጎበዝ ነኝ ባይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ የተቆለፈ ዲስክ መለያው ሁለት ነው። አንዱ የበሩ ነው፤ ሌላው በሩ ሲከፈት ብቻ የሚታየው፣ ውስጥ ያለው የተከራዩ። ለክሪፕትታብ የምትሰጠው የበሩን ነው። የተከራዩን ከሰጠኸው፣ ኮምፒውተርህ በሩን ትቶ ተከራዩን መንገድ ላይ ሲፈልግ ደቂቃ ተኩል ደጅ ያስጠናሃል።

አሁን ስሙ። «ዲስክ»፣ «አዲስ ዲስክ»፣ «የመጨረሻ አዲስ ዲስክ» አትበል፤ ልጅህን «አዲሱ ልጅ» ብለህ አላስመዘገብክም። ሰነድህን ለምትይዝበት «ከዚራ» በለው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ወዲህ መንገዷ በማስመሪያ የተሠመረ ሰፈር ናትና ሥርዓት ታስተምረዋለች። ፊልምና ዘፈን፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የማይታወቅ ፋይል ሁሉ ተጠላልፎ ለሚኖርበት የሌላው ሰፈራችን ስም፣ «መጋላ»፣ ይስማማዋል። «ደቻቱ» ግን አትበል። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ኖሮ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ የሚያደርገውን በ1998 ክረምት አይተናል፤ በዚህ አልቀልድም።

ስሙን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት ጻፈው። ዲስኩ ላይም ጻፍበት፤ ግን በድሬ ሙቀት የተለጠፈ ፕላስተር ስለማይቆይ በማርከር ይሁን። የይለፍ ቃሉን አብረህ እንዳትጽፈው አደራ።