የመጣፊያ ኮድ አቀባበል አዋጅ ቁጥር 0.1

በደቡብ ምሥራቅ ካልጋሪ፣ በኤሪን ውድስ የታወጀ

ቴኦ ዴ ራድት እ.ኤ.አ. በ1995 በዚሁ በካልጋሪ ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለውን ስርዓተ ክወና መሥርቶ የኮዱን ማኅደር ለማንኛውም አንባቢ የከፈተ በመሆኑ፤

ማንም ያነባል ማለት ማንም ይጽፋል ማለት አለመሆኑን ለሕዝብ ማስረዳት በማስፈለጉ፤

መጣፊያ ላኪው ብዙ፣ መርማሪው ግን ጥቂት ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመጣፊያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «መጣፊያ» ወይም ፓች ማለት የሚሰረዘው መስመር በመቀነስ፣ የሚጨመረው በመደመር ምልክት የሚታይበት የለውጥ ጽሑፍ ነው፤

ለ) «ገምጋሚ» ማለት ልጆቹን አስተኝቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ፣ የሰው ኮድ የሚያነብ ሰው ነው፤

ሐ) «ኦኬ» ማለት ገምጋሚው ኮዱን አንብቦ የሚሰጠው የስምምነት ቃል ነው፤ «እሺ፣ ነገ አየዋለሁ» ኦኬ አይደለም።

3. አቀራረብ

1) አንድ መጣፊያ አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑ ለኮድም ይሠራል።

2) አመልካች የቤቱን የአጻጻፍ ደንብ ያከብራል፤ በኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. ታብ 8 ቦታ ይይዛል፣ በ4 የሚከራከር ገና ደጃፍ ላይ ይመለሳል።

3) ላኪው ኮዱን የመስጠት መብት ሊኖረው ይገባል። በሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ይህ በፊርማ ይረጋገጣል።

4. ምርመራ

1) የመጀመሪያው ረቂቅ አቦል፣ የታረመው ቶና፣ ዳግም የታረመው በረካ ይባላል። አቦል ላይ ተመርቆ መሄድ የሚሻ እንግዳ የቡናውን ሥርዓት አላወቀም።

2) መልስ ያጣ መጣፊያ ውድቅ እንደሆነ አይቆጠርም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በትሕትና ድጋሚ ይላካል።

3) የማኅደሩን ቁልፍ የያዘ ባልደረባም ቢሆን የራሱን ሥራ ከማስገባቱ በፊት የሌላ ባልደረባ ኦኬ ይጠይቃል።

5. ጉዲፈቻ

ተቀባይነት ያገኘ መጣፊያ የጉዲፈቻ ልጅ ነው፤ ወላጁ ቢጠፋም የማሳደጉ ዕዳ የቤቱ ነው። ስለዚህ «እኔ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል» የሚል ማስረጃ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመዘነው ኮዱን ያልጻፈ ሰው ከዓመታት በኋላ አንብቦ ሊያርመው መቻሉ ነው።

6. እምነት

እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስ ዚ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ስውር በር ተገኝቷል። ያስገባው ለዓመታት ደህና ደህና መጣፊያ ሲልክ ቆይቶ ቁልፍ የተረከበ አበርካች ነበር። ስለሆነም የቆየ ወዳጅነት ፍተሻን አያስቀርም።

7. ይግባኝ

ቅር የተሰኘ ላኪ ኮዱን ቀድቶ የራሱን ቤት መቀለስ ይችላል። ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. ራሱ ከኔት ቢ.ኤስ.ዲ. የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ጎጆ የወጣ ሰው ግን በማግሥቱ መጣፊያ የሚልኩ እንግዶች በደጁ እንደሚሰለፉ ይወቅ፤ ያን ጊዜ ይህን አዋጅ እንደገና ያነበዋል።

8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከአርቃቂው ሌላ የሆነ አንድ ገምጋሚ ኦኬ ካለበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስካሁን የተገኘው መልስ «እሺ፣ ነገ አየዋለሁ» የሚል ነው።