በቡድሃ ሆድ ውስጥ

በጃፓን የካማኩራው ቡድሃ ፎቶ ለሚነሣ ሰው የተመቸ ነው፤ አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑንም አያርገበግብም። ቁመቱ 11 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ 121 ቶን፣ ሁለንተናው ነሐስ። በፈረንጆች 1252 መሠራት ከጀመረ ወዲህ አይቸኩልም። የሚቸኩለው ከቶኪዮ በባቡር መጥቶ በባቡር የሚመለሰው ቱሪስት ነው፤ አንዱም እኔ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና «ለጣዖት አንገቴን አልደፋም» ብዬ ቆርጬ ነበር የሄድሁት። ዙሪያውን ስዞር ግን ጎኑ ላይ አንዲት በር አየሁ። ለካስ ውስጡ ክፍት ነው፤ 50 የን የከፈለ ሆዱ ውስጥ ይገባል። በ50 የን የሚገባበት ቦታ ጃፓን ውስጥ ከየት ይገኛል? ከፈልሁ። በሯ ግን ዝቅ ያለች ናት። ከወገቤ ጎንበስ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ ገባሁ። ጓደኛዬ ከኋላዬ በሳቅ ሞተ። (ለንስሐ አባቴ እንዴት እንደማስረዳቸው ገና እያሰብሁበት ነው።)

ውስጡ ጨለም ይላል፣ ይሞቃል። ነሐሱ ከታች ወደ ላይ በየተራ እየፈሰሰ ስለተሠራ መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ይታያል። ጀርባው ላይ ሁለት መስኮቶች አሉ። ከዓለም ምኞት ሁሉ በተላቀቀ ሰው ሆድ ውስጥ ምን ይገኛል? ቱሪስት። እኔ፣ ጓደኛዬ፣ የሚያለቅስ ሕፃንና የሚያባብሉት አያቱ።

ግቢው ውስጥ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም የገለባ ጫማ ተሰቅሏል፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። የኢባራኪ ክፍለ ሀገር ልጆች በፈረንጆች 1951 ሠርተው ያመጡለት ተጫምቶ አገሩን እየዞረ ሰው እንዲረዳ ነበር። እሱ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ልጆቹም ተስፋ አልቆረጡም፤ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ጫማ ይመጣለታል።

ማታ ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት። ስለ ጣዖት ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ምነው ሜዳ ላይ አስቀመጡት?» አለች። ጥንት የእንጨት አዳራሽ እንደነበረው፣ አውሎ ነፋስ እየደጋገመ እንዳፈረሰበት፣ ከዚያ ወዲህ ከ500 ዓመት በላይ ያለ ጣሪያ እንደተቀመጠ ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና፣

«ያን ሁሉ መኪና የሚሠራ አገር ቆርቆሮ አጣለት?» አለች። «በል ሰዎቹን ንገራቸው፣ ክረምት ሳይገባ።»