ያልተመታው ኳስ

የታዝማኒያን የእግር ኳስ ሻምፒዮኖች ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ሲያነቡት እ.ኤ.አ. 1967 ላይ የክለብ ስም የለም። ጨዋታው ሳይደረግ ቀርቶ አይደለም። ሁለት ቡድን ሜዳ ገብቷል፤ አራቱንም ሩብ ሙሉ በሙሉ ተጫውተዋል፤ ነጥቡም 85 ለ84 ሆኖ ተመዝግቧል። አሸናፊ ግን አልተጻፈም። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 19 ቀን 1960 ዓ.ም. ነበር፤ አገር ቤት የደመራው አመድ ገና አልተነሣም። ቦታው ቡርኒ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ዌስት ፓርክ የሚባል ከባሕር አጠገብ ያለ ሜዳ ነው። እዚያ መዝገብ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ካወቅሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ፣ ሜዳውን በዓይኔ ካላየሁ አልኩና ባሕር ተሻገርኩ። መንገዱ ብዙ አሳየኝ።

ነገሩን ያመጡብኝ ጎረቤቴ ናቸው። የምኖረው ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ የበርበሬ ሱቁ፣ የቡናው ጭስ ያለበት ሰፈር። አጥር የሚያዋስነን ሽማግሌ ግን የታዝማኒያ ሰው ናቸው፣ የሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ ተወላጅ። ልጄ ሞላላዋን ኳስ ግቢ ውስጥ ሲለጋ አጥሩን ተደግፈው ያዩታል፤ አያያዙን ያርሙታል። አንድ ቀን ልጄ አነጣጥሮ ሊመታ ሲል ትንሿ እኅቱ ኳሷን ከእጁ መንትፋ ሮጠች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። «ስጪው የኔ ልጅ፣ ይምታው» አሏት። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና የ1967ቱን ታሪክ አወሩኝ።

ታሪኩ የሚገባው ሕጉን ለሚያውቅ ነውና ጨዋታውን በአጭሩ ላስረዳ። ፉቲ ይሉታል፤ በየወገኑ 18 ሰው ሆኖ በሞላላ ሜዳ የሚጫወቱት የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው። በሜዳው ዳርና ዳር አራት አራት ቋሚዎች ተተክለዋል፤ አግዳሚ የለ፣ መረብ የለ፣ በረኛ የለ። ኳሱ በመካከለኞቹ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መሐል ካለፈ ጎል ነው፣ 6 ነጥብ። በእነሱና ግራና ቀኝ ባሉት አጫጭር ቋሚዎች መሐል ካለፈ ግን 1 ነጥብ ብቻ ያስገኛል። በእግር የተመታን ኳስ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ጨብጦ የያዘ ተጫዋች ማንም ሳያውከው የመምታት መብት ያገኛል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ኳሱን ከያዘ በኋላ የመጨረሻው ሳይረን ቢጮኽም እንኳ መብቱ አይሰረዝም። ሰዓቱ አልቋል፤ ጨዋታው ግን የሚያልቀው እሱ ሲመታ ነው።

ጉዞዬን የጀመርኩት በክረምት ነው። በባቡር እስከ ጂሎንግ፣ ከጂሎንግ ደግሞ በማታው መርከብ። ባስ ስትሬት የሚባለው ባሕር ያን ሌሊት ተቆጥቶ ነበር። መርከቡ ሲወጣ ሆዴ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴት ዝንጅብል ከረሜላ እየሰጡኝ፣ «ዓይንህን ከአንድ ቦታ አትንቀል» እያሉ አነጉኝ። ዴቨንፖርት ስንደርስ ጎሕ ቀዶ ነበር፤ ዝናቡ ግን ሊያቆም ያሰበ አይመስልም።

ያ ጠረፍ የራሱ ሊግ ነበረው፤ የሰሜን ምዕራብ እግር ኳስ ኅብረት ይባል ነበር። ዴቨንፖርት፣ ኢስት ዴቨንፖርት፣ ላትሮብ፣ ኡልቨርስቶን፣ ፔንጉዊን፣ ቡርኒ፣ ኩዊ፣ ዋይንያርድ፤ በአንድ የባሕር ዳር መንገድ ላይ የተደረደሩ ከተሞችና ሰፈሮች ናቸው። ደቡቡ በሆባርት ዙሪያ፣ ሰሜኑ በላንስስተን ዙሪያ ሌላ ሊግ ነበራቸው። የየሊጉ አሸናፊዎች በዓመቱ መጨረሻ ለደሴቲቱ ዋንጫ ይገናኙ ነበር። ሦስቱ ክልሎች በወንበር፣ በገንዘብ፣ በመንገድ፣ በሁሉም ነገር ይፎካከሩ ስለነበር፣ በዚያ ቀን የሚጫወተው ክለቡ ብቻ አልነበረም፤ ጠረፉ በሙሉ ነበር።

አውቶቡሱ ኡልቨርስቶንን አልፎ ፔንጉዊን አጠገብ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ሞተሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ስልክ ደወለ። ተተኪ ይመጣል ተባልን፤ አልመጣም። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች የአካባቢው ሰዎች ስለሆኑ ዘመድ እየጠሩ አንድ በአንድ ሄዱ። እኔ ከመጠለያው ጣራ ሥር ቀረሁ፤ ነፋሱ ዝናቡን ከጎን እያመጣ ጣራውን ከንቱ አደረገው። በመጨረሻ ጭቃ የለበሰች ፒክአፕ ቆመች። ሾፌሩ የድንች ገበሬ ነው፤ እጁ ላይ ያለው ቀይ አፈር የጎጃምን ማሳ አስታወሰኝ። «ወዴት ነህ?» አለኝ። «ቡርኒ፣ ዌስት ፓርክ» አልኩት። «ዛሬ ጨዋታ የለም፤ ነገ ነው» አለ። የመጣሁት ለ1967ቱ ጨዋታ ነው ስለው ፒክአፗን ቀስ አደረገ። የዋይንያርድ ልጅ ነበር።

ገበሬው ጨዋታውን ያየው በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ከመጀመሩ በፊት ግን ስለ ዓመቱ ነገረኝ፤ እኔም ያነበብኩትን ጨመርኩለት። የዚያ ዓመት የካቲት 7 ቀን በእነሱ አቆጣጠር ሆባርት ዙሪያ የተነሣው የሰደድ እሳት 62 ሰው ገድሏል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አድርጓል። ኖርዝ ሆባርት የደቡቡ ሻምፒዮን ሆኖ ዋይንያርድን ሊገጥም ወደ ቡርኒ የመጣው ከዚያች የተቃጠለች ከተማ ነው። አሠልጣኙ ጆን ዲቫይን በ1963 ከጂሎንግ ጋር የሜልቦርኑን ትልቅ ዋንጫ የበላ ሰው ነበር። ደሴቲቱ ደግሞ ልጆቿን ለሜልቦርን ስታስረክብ የኖረች ናት። ፒተር ሃድሰን በ1967 ወደ ሃውቶርን ሄዷል። ሮይስ ሃርት በዚያው ዓመት ለሪችመንድ መጫወት ጀምሮ፣ ከቡርኒው ጨዋታ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሜልቦርን ላይ ዋንጫ አንሥቷል።

«ያን ሰሞን እኛ የአንድ ነጥብን ዋጋ ከማንም በላይ እናውቅ ነበር» አለኝ ገበሬው። እውነቱን ነው። ዴቨንፖርት የተወለደው የላትሮቡ ዳረል ባልዶክ የሴንት ኪልዳ አምበል ሆኖ በ1966 ኮሊንግውድን 74 ለ73 አሸንፏል፤ ለሴንት ኪልዳ እስከ ዛሬ ብቸኛው ዋንጫ ነው። የማሸነፊያዋን ነጥብ ያስገኘው ባሪ ብሪን የመታው ኳስ ጎል አልሆነም፤ ወደ ጎን ወጥቶ አንዲት ነጥብ ሆነ፣ እሷም በቃች። ጠረፉ ያንን ደስታ ገና አላጣጣመውም ነበር። በዓመቱ ዋይንያርድ በአንድ ነጥብ እየመራ የመጨረሻው ደቂቃ ሲደርስ፣ በየሰዉ ልብ ውስጥ ያለፈው ዓመት ነጥብ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። የኖርዝ ሆባርቱ አጥቂ ዴቪድ ኮሊንስ፣ ዲኪ ይሉታል፣ ከጎሉ ቅርብ ቦታ ላይ ኳሱን በአየር ላይ ጨበጠ። ሳይረኑ ጮኸ። 85 ለ84። ኮሊንስ ጎል ቢያገባ ኖርዝ ሆባርት 90 ሆኖ ያሸንፋል፤ ወደ ጎን ቢወጣበትና 1 ነጥብ ብቻ ቢያገኝ እኩል ይሆናሉ፤ ጨርሶ ቢስት ዋንጫው የዋይንያርድ ነው። ሦስቱም በሮች ክፍት ነበሩ። የዋይንያርድ ደጋፊ አጥሩን ዘልሎ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ኮሊንስን ከበበው፤ ቋሚዎቹንም ይዞ ነቅሎ ጣላቸው። የሚመታበት ጎል ጠፋ። ኮሊንስ ኳሱን እንደያዘ ቀረ፤ ሳይመታው ከሜዳ ወጣ። ውሳኔ ሰጪዎቹም ጨዋታው ውጤት የለውም፣ የ1967 ሻምፒዮን የለም አሉ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ያሸነፍነው እኛ ነን ይል ነበር» አለ ገበሬው።

«አንተስ?»

መልሱን ለመስጠት ቸኩሎ አልነበረም። «እኔ ብናየው ይሻለኝ ነበር» አለ። «ቢያገባብን አልቅሼ እተኛ ነበር፤ በሳምንቱ ይወጣልኛል። ይኸው ስልሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አልወጣልኝም።»

ቡርኒ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ካስያዝኩበት ማረፊያ ስደርስ ክፍሌ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባልኩ፤ ሌላ ክፍልም የለም፤ ከተማዋም ለስብሰባ በመጡ እንግዶች ሞልታለች። የሌሊት ተረኛዋ ወጣት አዘነችልኝና ከእንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግታ አሳደረችኝ። እርጥብ ጫማዬን ማሞቂያው አጠገብ አድርጋ፣ ሻይ አፍልታ ሰጥታኝ፣ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስነግራት አያቷ በየገናው ያንን ታሪክ እንደሚያነሡና ግማሹ ቤተሰብ «እናገባው ነበር»፣ ግማሹ «ይስተው ነበር» እያለ እንደሚጨቃጨቅ ነገረችኝ። እናቷ ከሆባርት፣ አባቷ ከዋይንያርድ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ልመለከተው የጓጓሁት ጨዋታ ሜዳው ውኃ በመቋጠሩ ተሰረዘ። ቢሆንም ሄድኩ። ዌስት ፓርክ ባሕሩ አፍንጫ ሥር ነው፤ የማዕበሉ ጨው ፊት ላይ ይደርሳል። አጠገቡ አሁን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቷል። ቋሚዎቹ ነጭና ረጃጅም ሆነው ቆመዋል። ኮሊንስ ቆሞበት ይሆናል ብዬ ከገመትኩት ቦታ ላይ ቆሜ ወደ እነሱ አየሁ። ቅርብ ነው። ልጄም ቢሆን አሥር ጊዜ ቢመታ ብዙውን የሚያገባው ይመስለኛል። ሰው ሁሉ «ያገባው ነበር» የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ግን እዚያ ቆሜ የተረዳሁት ሌላ ነው፦ «ያገባው ነበር» ማለት ጎል አይደለም። የኳስን ውጤት የሚያውቀው የተመታ ኳስ ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ባዶ የተዉት ሰዎች ትክክል ሠርተዋል። ለኖርዝ ሆባርት ቢሰጡት ያልገባን ጎል ይቆጥሩ ነበር፤ ለዋይንያርድ ቢሰጡት ቋሚ መንቀልን ይሸልሙ ነበር። ባዶው ቦታ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ሁሉ የማያንስ እውነት ይዟል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑኝ የዋይንያርድ ተጫዋቾች ናቸው። በኖርዝ ሆባርት ላይ ግፍ ተፈጽሟል፤ ያን ማንም ያየዋል። ዋይንያርዶች ግን አራት ሩብ ሙሉ ሮጠው፣ ከዋና ከተማው የመጣውን ክለብ 85 ለ84 እየመሩ ሳይረኑን ያስጮኹ ሰዎች ናቸው። ኮሊንስ የመሳት ዕድል ነበረው። በፍጻሜ ጨዋታ፣ በዚያ ጩኸት፣ ከባሕር በሚመጣው በዚያ ነፋስ የሳተ አጥቂ ስንት አለ! ቢስት ኖሮ የእነሱ ድል ማንም የማይነካው ይሆን ነበር። ያን ዕድል ከእጃቸው የነጠቀው ጠላት አይደለም፤ በፍቅራቸው ያበደ የገዛ ወገናቸው ነው። ልጁን አቅፎ መልቀቅ ያቃተው ወላጅ እንደሚያደርገው፣ ከመውደቅ ሊያድነው ብሎ ከመራመድ ከለከለው።

ይህን የምጽፈው እኛም ስለምንወድ ነው። ካምቦሎጆ ያደገ ሰው፣ ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ደጋፊ ልቡ አፉ ላይ እንደሚደርስ አይነገረውም። ያን ሙቀት እወደዋለሁ፤ ያለ እሱ ኳስ ባዶ ሩጫ ነው። በዚያ ሙቀት ውስጥ ግን አንድ ድንበር አለ፤ እሱም ተጋጣሚህ በሕግ ያገኘውን ምት ሲመታ እያየህ መቆም ነው። ደጋፊነት የሚፈተነው በደስታው ሰዓት አይደለም፤ ኳሱ በባላጋራ እጅ ሆኖ አንተ ምንም ማድረግ በማትችልበት በዚያች ቅጽበት ነው።

ያ የጠረፍ ሊግ በ1980ዎቹ አጋማሽ አብቅቷል፤ ክለቦቹ በአዳዲስ ሊጎች ተበታተኑ። አሁን ታዝማኒያ ከረጅም ጥበቃ በኋላ በ2023 የብሔራዊው ሊግ ፈቃድ አግኝታለች፤ ዴቭልስ የሚል ስም የወጣለት ቡድኗ በ2028 እንዲገባ ታቅዷል። ሆባርትና ሰሜኑ ጠረፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በታላቁ ሊግ ለአንድ ቡድን ሊጮኹ ነው። የዚያ ቡድን ሕፃናት ደጋፊዎች የዋንጫ ታሪክ ሲማሩ የ1967ን መስመር ዘልለው እንዳያነቡ እመኛለሁ። ልጄን አስተምሬዋለሁ፤ እኅቱንም አስተምሬያታለሁ። ኳሱን በአግባቡ የያዘ ሰው ይምታው። ካገባም ያግባ፤ ሽንፈት በሳምንቱ ይወጣል፣ ያልተመታ ኳስ ግን አይወጣም።